ሚዛኑ ያለው ዘጠኝ ቁጥር ነው

ጥሩምባ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሉኛል፤ ዞር ስል ደግሞ «ጥሩምባ መጣች»፣ «ጥሩምባ ምሳ ወጣች» ይባባላሉ። ያልሰማሁ ይመስላቸዋል። አፌ እንጂ ጆሮዬ የማይሠራ መሰላቸው መሰለኝ። ይበሉ! እኔ በዚህ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስቀመጥ አንድም ቀን ማይክ ተገዝቶ አያውቅም። አንዴ ሊገዛ ነው ሲባል የዚያን ጊዜው ኃላፊ «እሷ እያለች?» ብሎ የግዢ ጥያቄውን ሳይፈርምበት መለሰው። ይህን በኩራት ነው የምናገረው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በሽተኛው እንደገባ መዝጋቢዋ ጋ ይቀርባል፣ ምኑን እንዳመመው ይነግራታል፣ እሷም የሚገባበትን ክፍል ጽፋ ካርዱን ከጀርባ ለእኔ ታቀብለኛለች። እኔ በመስኮቴ እጠራለሁ። መስኮቴ ጠባብ ናት። ከፊት ያሉትን ሁለት አግዳሚዎች ብቻ ነው የማየው፤ የቀረውን አዳራሽ ምሰሶውና የክትባት ማስታወቂያው ጋርደውታል። ግን ማየቱ ምን ያደርግልኛል? እጠራለሁ፣ ከወዲያ «አቤት!» ይላል። ያቺን አቤት ነው የምወዳት። ሽማግሌው «አቤት!»፣ እናትየው ልጇን ታቅፋ «አቤት፣ መጣን መጣን!»፣ ጉንጩ ያበጠው የጥርስ በሽተኛ እንኳ አፉን በእጁ ደግፎ እንደምንም አቤት ይላል። አቤት ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው፣ እላለሁ እኔ።

ይህን ድምፅ ያገኘሁት ከወንድሜ ቤት ነው። ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው። እናትና አባታችን በስድስት ወር ልዩነት ሲሞቱብን እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ከስፌት መኪናው ሥር፣ በክርና በቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጫወትኩ ነው። ያ መኪና ሲሽከረከር ሰማይ ቢደፋ አይሰማም። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ጋሼ!» ብዬ ካልጮህኩ ዳቦም የለ፣ ደብተርም የለ። ስጮህ ግን እግሩን ከፔዳሉ ያነሳና «አቤት፣ የኔ እመቤት!» ይለኛል። ሥራ ቢበዛበትም፣ ቢናደድም፣ መርፌ ቢወጋውም መልሱ ያችው ነበረች።

ይኸው ጋሼ ዝም ካለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ምን ሆነ ቢባል ምንም አልሆነም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሰው አልሞተበት፣ አልተሰረቀ፣ ከማንም አልተጣላ። አንድ ቀን የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ እየሰፋ ሳለ መሃል ላይ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ፤ በቃ፣ መልሶ አላስቀመጠውም። ሙሽራው በተውሶ ኮት አገባ። አሁን ልጁ ዳዴ ይላል፣ ኮቱ ግን ባለ አንድ እጅጌ ሆኖ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ከመኪናው ፊት ተቀምጦ ይውላል። በቅጡ አይበላም፣ አይተኛም፣ «ምን ሆንክ?» ስለው «ደክሞኝ ነው» ይላል። በገዛ እጁ ለክቶ የሰፋውን ሱሪ ወገቡ ላይ በገመድ አስሮታል።

ታዲያ ዘንድሮ ከጤና ቢሮ አዲስ ፖሊሲ ወረደ። በየጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይከፈት ተባለ። የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት ዘጠኝ ቁጥር ተጠረገ፣ ቀለም ተቀባ፣ አንዲት ሲስተር ተመደበችበት። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ስታወራ ሰው ሳይወድ በግድ አንገቱን የሚያሰግግላት ዓይነት ናት። የመጀመሪያ ቀን ስታነጋግረኝ ሦስት ጊዜ «ምን አልሽ?» ብያታለሁ። ግን ሥራዋን ታውቃለች። ለጋሼ የሚሆን ሰው እዚሁ ደጃፌ ድረስ ላከልኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ከፖሊሲው ጋር መመሪያ መጣ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ የታካሚውን ምስጢር ለመጠበቅ ታካሚ በካርድ ቁጥሩ እንጂ በስሙ አይጠራም። አንቀጽ አምስት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ አገልግሎቱ በኅብረተሰቡ ዘንድ እንዲታወቅ ክፍሉ ሁልጊዜ በሙሉ ስሙ ይጠራል። እኔ መመሪያ አክባሪ ነኝ። አፌን ስለማላምነው ካርዱ ላይ ያለውን ስም በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣ ቁጥሩን ብቻ እያየሁ፣ አንገቴን በመስኮቴ አወጣና፦

«አራት መቶ አሥራ ሰባት! ወደ አእምሮ ጤናና ሥነ ልቦና ድጋፍ አገልግሎት መስጫ ክፍል! ዘጠኝ ቁጥር!»

እንዲህ ስል አዳራሹ ጸጥ ይላል። የሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር ዝም ይላል። ከፊት ያሉት ሁለት አግዳሚዎች አንድ ላይ ወደ ኋላ ይዞራሉ። እኔ ሞኟ አክብሮት መሰለኝ። አቤት የሚል ግን የለም። ጨምሬ እጠራለሁ፣ የለም። ሦስተኛ ጠርቼ ካርዱ ላይ «አልቀረበም» የሚለውን ማኅተም ጧ አድርጌ እመታለሁ። ከዚያም ዝም አልልም። «እነዚህ የዘጠኝ ቁጥር ሰዎች ካርድ እያወጡ የት ነው የሚገቡት? ምድር ትውጣቸዋለች እንዴ?» እላለሁ። ለመዝጋቢዋ ብዬ ነው፤ ግን እኔ ለአንድ ሰው ብዬ የተናገርኩት ነገር አንድ ሰው ጋ ቀርቶ አያውቅም።

በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ ቁጥር የገቡት ሰባት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሽንት ቤት የጠፋበት ነው፣ አንዷ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ነው፣ አንዱ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው። ሲስተር ሦስቱንም «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃቸዋለች። ቆጣሪ አንባቢው ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን አወራ፣ የዚያን ወር ቆጣሪያችንም ሳይነበብ ቀረ። ይህ ሁሉ ግን ለቢሮ ምኑም አይደል። ደብዳቤ መጣ፦ እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ ቢያንስ አርባ ሰው ካልታከመበት ክፍሉ ይዘጋል፣ ሲስተርም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ትዛወራለች። አምስት ሳምንት ቀረን።

እሷ ከሄደች ጋሼን ማን ያናግርልኛል? ከሥራ ስወጣ በየቀኑ እሱ ጋ ጎራ እላለሁ።

«ጋሼ፣ ኧረ በሞቴ ና!»

«እሺ፣ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

ሰሞኑን ይላል፣ አይመጣም። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ውሸታም! ልጅ ሆኜ ስዋሽ ከንፈሬን ስትቆነጥጠኝ የነበርከው አንተ አይደለህም? አሁን አንተን ማን ይቆንጥጥህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። እኔ ግን መቼ ሰው አስጨርሼ አውቃለሁ! በሩን ከኋላዬ ወርውሬ ወጣሁ።

ኃላፊያችን ስብሰባ ጠራ። ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ቢሮ የሚለውን ቃል ሲሰማ ያልበዋል። ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» አለ። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ግንዛቤ የለውም ሲባል አንገት መነቅነቅ ልማዳችን ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ባነር ይሰቀል አለ። ኃላፊው ደግሞ «መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን ሰፈር ለሰፈር ብንዞርስ?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ካለች ድምፅ ማጉያው ቢቀርም ችግር የለም» አለ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ። ተሳሳቁ። እኔ ግን ምን ልደብቅ፣ ጮቤ ረገጥኩ! ገና ከስብሰባው ሳንወጣ በሆዴ «የአእምሮ ችግር ያለባችሁ በሙሉ! ከየቤታችሁ ውጡ!» የሚለውን መለማመድ ጀመርኩ።

ሲስተር እጇን አወጣች። «ከመዞራችን በፊት፣ እትዬ፣ አልቀረቡም የተባሉትን ካርዶች ያወጡልኛል? ከቤቱ ያልወጣ ሰው ሌላ ነው። እዚህ ድረስ መጥቶ የተመለሰው ነው የገረመኝ።»

በማግሥቱ ካርዶቹን አወጣሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። አውራ ጣቴን አንስቼ ስሞቹን ሳነብ ዐይኔ ፈጠጠ። ማን ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ያኔም አልተናገርኩ፣ አሁንም አልናገር። ብቻ አንዱ በየስብሰባው ደረቱን ነፍቶ የሚፎክር ሰው ነው። አንዷ ልጆቼን በሙሉ ያስተማረች ናት። አንዱ ደግሞ ባገኘኝ ቁጥር በሳቅ የሚገድለኝ ጎረቤቴ ነው። ግንዛቤ የለውም ብለን አንገታችንን የነቀነቅንበት ሕዝብ ካርዱን አውጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ ኖሯል።

አሥራ ዘጠነኛውን ካርድ ሳነሳ ክው አልኩ። የጋሼ ስም ነው።

ሦስት ቀን መጥቷል። ሦስት ማኅተም አለበት፦ አልቀረበም፣ አልቀረበም፣ አልቀረበም። አንደኛውን እንዴት አድርጌ ብመታው ነው፣ የካርዱን ጫፍ ሰንጥቆታል። የመጨረሻውን ቀን አየሁት። ውሸታም ያልኩት ዕለት ነው። ጠዋት እዚህ መጥቶ፣ ድምፄን ሰምቶ፣ ተመልሶ ቤቱ ገብቶ፣ ማታ እኔ ሄጄ ሰድቤዋለሁ።

መዝጋቢዋ አዲስ ልጅ ናት፣ ወንድሜን አታውቀውም። «ይህ ሰውዬ ምን ነበር ያለሽ?» አልኳት።

«እሳቸው? ሱሪያቸውን በገመድ ያሰሩት ጨዋ ሰውዬ ናቸው፣ እትዬ። ምንዎን አመመዎት ስላቸው ‹ፔዳሉን መርገጥ አቃተኝ› አሉኝ። ሾፌር መስለውኝ ወገብ ነው ብዬ ልጽፍ ስል ‹አይ፣ እህቴ ዘጠኝ ቁጥር ግባ ብላኛለች› አሉ። እህትየው ሐኪም ናት መሰለኝ።»

ተቀምጬ አለቀስኩ። የእኔ ለቅሶ ደግሞ እንደ ሰው ለቅሶ አይደለም፤ ከፋርማሲ ድረስ ሰው ሞተ ብለው ሮጠው መጡ።

ያን ዕለት ጋሼ ጋ ስገባ እንደ ወትሮው ከመኪናው ፊት ተቀምጧል። ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ስጠራህ ለምን አቤት አላልክም?»

የተሰነጠቀውን ጫፍ በጣቱ ሲዳብስ ቆየ። «ስትጠሪ ሰው ሁሉ ዞረ» አለ። «እኔም ማን ይሆን ብዬ አብሬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነው። ያኔ እኔ መሆኔ ገባኝና ወጣሁ።»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ። «በሁለተኛውስ?»

«በሁለተኛው እንኳ በሩ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት፣ ለመውጣት እንዲቀለኝ።»

«በሦስተኛውስ?»

«በሦስተኛው አልተቀመጥኩም።»

ጠዋት ሲስተርን ዘጠኝ ቁጥር አገኘኋትና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። «ሰዉን ያባረርኩት እኔ ነኝ። የገዛ ወንድሜን ሦስቴ አባርሬዋለሁ። ብትሰድቢኝ ደስ ይለኛል» አልኳት። አልሰደበችኝም። «እርስዎ ብቻዎን አይደሉም፣ አንቀጽ አምስትም አለበት» አለችና ሻይዋን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

«እሺ፣ ሰው ሳያፍር የሚገባበት ክፍል የትኛው ነው?» አልኳት።

ማሰብ ጀመርን። ጥርስ ክፍል? እዚያ ሰው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚገባው። ላቦራቶሪ? ከዚያ ሰው የሽንት ብልቃጥ በጋዜጣ ሸፍኖ ነው የሚወጣው። እንዲህ ስንባባል ከሁለት ቁጥር በኩል ሁለት ሴቶች «አንቺ ጨምረሻል»፣ «ኧረ ወዲያ፣ ጫማዬ ነው!» እየተባባሉ ከሚዛኑ ሲወርዱ ሰማናቸው። ተያየን። ሚዛኑ! ሐኪም ጋ ከመቅረቡ በፊት የማይመዘን ማን አለ? ሕፃኑም ይመዘናል፣ ሽማግሌውም ይመዘናል፣ እግሩ ወለም ያለውም በአንድ እግሩ ቆሞ ይመዘናል።

«ሚዛኑ እዚህ ቢገባ» አለች ሲስተር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ ብሎ፣ «ሁሉም እዚህ ይገባል። በሩን ዘግቼ ኪሎውን እየጻፍኩ እንቅልፍ እንዴት ነው እለዋለሁ። መልሱ አጭር ከሆነ ይሄዳል። ረዥም ከሆነ ወንበር አለ።»

«የቆየውን ሰው ምን አቆየህ ቢሉትስ?»

«የሚዛኑ መርፌ አልረጋ ብሎ ነው ይበላ። ደግሞ እውነት ነው፣ አሮጌ ነው።»

እኔና እሷ ሚዛኑን ይዘን መተላለፊያው ላይ ስንጎትት የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደረሰብን። «ቁሙ! ይህ ሚዛን በሁለት ቁጥር ስም የተመዘገበ ንብረት ነው! የዝውውር ቅጽ ሞልታችኋል?»

«እሞላለሁ። አሁን በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

ሳያስበው ያዘልኝ። ዘጠኝ ቁጥር አስገብቶ፣ ጥግ አስይዞ፣ እጁን ካራገፈ በኋላ ነው «እንዴ!» ያለው።

እኔም አጠራሬን ለወጥኩ። ያን ረዥም ስም እርግፍ አድርጌ ተውኩት። «አራት መቶ ሃያ፣ ዘጠኝ!» አቤት። «አራት መቶ ሃያ አንድ፣ ዘጠኝ!» አቤት። ማንም ወደ ማንም አይዞርም። በሳምንቱ ሲስተር ምሳ የምትበላበት ሰዓት አጣች። ያ የሚፎክረው ሰውዬ ገብቶ ሃምሳ ደቂቃ ቆየ። ዐይኑ ቀልቶ ሲወጣ አንዱ «ምነው ቆየህ?» ቢለው «መርፌው አልረጋ ብሎ» አለ። ከዚያ ወዲያ የአዳራሹ መልስ ይኸው ሆነ። ልጆቼን ያስተማረችውም የእሷ መርፌ አልረጋ ብሎ አርባ ደቂቃ ቆየች። ጎረቤቴማ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመዘነው፣ ቦክሰኛ ሆነ እንዴ እስኪባል ድረስ።

ጋሼ ብቻ አልመጣም። «ሚዛኑ እኮ እዚያ ገብቷል፣ አሁን ማንም አያይህም» እለዋለሁ።

«የምትጠሪው አንቺው ነሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«እሺ፣ ሰሞኑን» ይላል። አሁን ውሸታም አልለውም። የተናገርኩት ሁሉ ምላሴ ላይ እሬት ሆኖብኛል።

የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ከቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ወፍራም ቦርሳ በብብቱ ይዞ ይገባል፣ ኃላፊያችን መሐረቡን ይዞ ይከተላል። ዘጠኝ ቁጥር በር ላይ ሰልፉን ሲያይ ፊቱ በራ። ውስጥ ገብቶ ሚዛኑን ሲያይ ግን ጠቆረ። «የአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ ሚዛን ምን ይሠራል?» ብሎ ጻፈ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ከየት መጣ ሳይባል «የዝውውር ቅጽ የለውም» አለ። እሱንም ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። «አምስት መቶ ሦስት፣ ዘጠኝ!» ስል ሰማኝ።

«አንቀጽ አምስትን አያውቁትም?»

«በቃሌ ነው የማውቀው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው በሙሉ ስሙ ይጥሩ። ይኸው፣ የሚቀጥለውን። እኔ እየሰማሁ። ካልሆነ ይህ ክፍል መመሪያ አያከብርም ብዬ ነው የምጽፈው።»

ኃላፊው ከጀርባው በዐይኑ ለመነኝ። የሚቀጥለውን ካርድ አነሳሁ። እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ስሙ ላይ ላደርግ ስል ጫፉ የተሰነጠቀ ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ማኅተም አለበት።

ጋሼ መጥቷል። ለአራተኛ ጊዜ መጥቷል። እዚያ ከምሰሶው ጀርባ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ ምናልባትም ቆሞ፣ ድምፄን እየጠበቀ ነው። ያን ረዥም ስም ብጠራው አምስተኛ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ባልጠራው ደግሞ ክፍሉ ሊዘጋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከድቶኝ የማያውቅ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ይጥሩ እንጂ!»

«አልጠራም» አልኩ።

«ምን?»

«አልጠራም አልኩ! ይጻፉት። ከፈለጉም በቀይ ይጻፉት።»

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁና ወደ አዳራሹ ወጣሁ። ሰዉ ደነገጠ። ብዙዎቹ ድምፄን እንጂ እግር እንዳለኝም አያውቁም። ጋሼ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ተራህ ደርሷል» አልኩት።

«ምን አልሽ?» አለ።

አርባ ዓመት የስፌት መኪና ያደነቆረው ጆሮ! እንዴት ረሳሁት? «ተራህ ነው» አልኩ ትንሽ ጨምሬ።

«ኧ?»

ከፊቱ ልጇን የታቀፈችው እናት ዞር አለች። «አባባ፣ ዘጠኝ ይግቡ ነው የሚሉዎት!» የጎኑ ሽማግሌ «ዘጠኝ! ዘጠኝ!» አለው በክርኑ ጎሰም አድርጎ። የሚፎክረው ሰውዬ ለቀጠሮው መጥቶ ኖሮ ከወዲያ ማዶ ሆኖ፦ «ግባ ወንድሜ፣ ሚዛን ነው! መርፌው ቶሎ አይረጋም፣ አትቸኩል!»

ጋሼ ዙሪያውን አየ። እሱን የሚያይ የለም፤ ሁሉም ወደየወሬው ተመልሷል። ተነሳ። ሱሪውን ሳብ አደረገ። ገባና በሩ ተዘጋ።

እኔ ባርኔጣውን ይዤ እዚያው አግዳሚው ላይ ቀረሁ። መዝጋቢዋ በእኔ ፈንታ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ ትጠራለች፣ የሚሰማት የለም። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ያያል። ሃያ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ። በመጨረሻ መሃል አዳራሹ ላይ ቆሞ «ይህ ሰውዬ ለመመዘን ነው ይህን ያህል የሚቆየው?» አለ።

አግዳሚዎቹ በሙሉ በአንድ አፍ «መርፌው አልረጋ ብሎ ነው!» አሉት።

ማስታወሻውን አወጣና «ሚዛኑ ጥገና ያስፈልገዋል» ብሎ ጻፈ።

ጋሼ ከአንድ ሰዓት ቆይታ በኋላ ወጣ። አፍንጫው ቀልቷል። ባርኔጣውን ሰጠሁት። «ምን አለችህ?»

«ሃምሳ አንድ ኪሎ አለችኝ።» ባርኔጣውን ደፋና «ሌላም ሌላም አወራን። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፣ ግማሹን አልሰማኋትም። የሰማሁት ይበቃኛል። ማክሰኞ ተመለስ ብላኛለች» አለ። ወደ በሩ ሄደና ዞር አለ። «ማክሰኞ አንቺ ነሽ የምትጠሪኝ?»

«አልጠራህም ጋሼ። መጥቼ በጆሮህ እነግርሃለሁ።»

«በጆሮዬማ አልሰማሽም። ጥሪኝ እንጂ።»

«በቁጥር?»

«ምን ቁጥር አመጣሽብኝ? ልጅ ሆነሽ በቁጥር ነበር የምትጠሪኝ?» ብሎኝ ሄደ።

ደብዳቤው ሰኞ ደረሰ። ቢሮ በታሪኩ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ኃላፊው እያላበው አነበበልን። ሲስተር ወንበር ስባ ያናገረቻቸው ሰዎች ሃምሳ ስድስት ስለሆኑ፣ ከዕቅድ በላይ ስለተሠራ፣ ክፍሉ ይቀጥላል። አንቀጽ አምስት ተሰርዟል። ተሞክሮው እንዲሰፋ በሁሉም ጤና ጣቢያ ሚዛን ወደ ዘጠኝ ቁጥር ይዛወር። ስድስት ክፍል ብቻ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ዘጠኝ ቁጥርን ከየት እንደሚያመጡ እየተሰበሰቡ ነው አሉ። መርፌውን እንዲያረጋ ሚዛን ጠጋኝም ላኩልን። ሲስተር ዘጠኝ ቁጥር አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዕቃውን ሳይከፍት ወጣና «ይህ ሚዛን ምንም አልሆነም» ብሎ ፈርሞ ሄደ። የዝውውር ቅጹን እስካሁን አልሞላሁም።

ማክሰኞ ጠዋት መዝጋቢዋ ጫፉ የተሰነጠቀውን ካርድ አቀበለችኝ። ቁጥሩን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ከመስኮቴ አንገቴን አወጣሁ። ከምሰሶው ወዲያ አይታየኝም። ያ የስፌት መኪና እየሠራ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ዳቦም ደብተርም እንደምፈልግ፣ ትንፋሼን ከሆዴ ሳብኩና፦

«ጋሼ!»

አራት አምስት ሽማግሌዎች ቀና አሉ። ከምሰሶው ጀርባ ግን፦

«አቤት፣ የኔ እመቤት!»